በሰላም የወረደ ካሚዮን መዝገብ የለውም

ሰው በዕድሜው ሙሉ ከሠራው መልካም ሥራ ይልቅ አንድ ቀን የደረሰበት ጉዳት በጽሑፍ ይበልጥ እንደሚቀመጥለት የታወቀ ነው። እኛም በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ ያለን እንደ መሆናችን ይህን ነገር ዕለት ዕለት እናየዋለን። አንድ የጭነት መኪና በገደል አፋፍ ቢገለበጥ የሰሌዳው ቍጥር፤ የጫነው ዕቃ ዓይነትና ሚዛን፤ የነጂው ስምና ዕድሜ፤ የተጎዳውም ሰው ብዛት ሁሉ ተጽፎ፤ ተፈርሞና ታትሞ በመዝገብ ይቀመጣል። ነገር ግን ያው መኪና ከዚያ ቀን አስቀድሞ ያንኑ ገደል መቶ ጊዜ በሰላም ወጥቶ ወርዶ እንደ ሆነ፤ ስለዚያ የተጻፈ አንድ ገጽ እንኳ አይገኝም። በሰላም የወረደ ካሚዮን መዝገብ የለውም። መዝገቡ የነጂው ልብ ነው፤ ከነጂውም ጋራ ያረጃል፤ ከነጂውም ጋራ ይቀበራል።

በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ መጻፍ የተለመደ ነው። ዛሬ ግን ከቤቱ ውጭ ውሎ ስለሚያድር አባትና እርሱን ሲጠብቅ ስለ ኖረ ቤተ ሰብ ጥቂት ቃል ለመጻፍ ወደድን። የምንጽፈውም በአዲ አርቃይ ከሥራ ዐርፈው ከሚኖሩ የቀድሞ የጭነት መኪና ነጂዎች አፍ የሰማነውን ነው። ስማቸውን አንጠራም። ከእነርሱ አንዱ እንኳ «የእኔን ስም ተዉትና የመኪናዪቱን ስም ጻፉ፤ ሥራውን የሠራችው እርሷ ናት» ብሎናል። ይህ ትሕትና ለእርሱ የሚያስመሰግነው ነው፤ ነገሩ እውነት አለመሆኑን ግን ከዚህ በታች እናሳያለን።

አስቀድሞ ስለ አገሩና ስለ መንገዱ መናገር ይገባል። ከጎንደር ወደ ሰሜን የተነሣ መንገደኛ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በደጋው ላይ ሄዶ ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር የማያንስ ከፍታ ያለው ብርድ አገር ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ምድሪቱ በድንገት ትቆረጣለች፤ መንገዱም ሊማሊሞ በተባለው ገደል ላይ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ወደ ዛሪማ ይወርዳል። ዛሪማን ዐልፎ አዲ አርቃይ ይገኛል፤ ከዚያም መንገዱ በማይ ፀብሪ አድርጎ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ ይዘልቃል። ስለዚህ አዲ አርቃይ ለወራጁ ነጂ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚባልባት፤ ለወጪው ነጂ ደግሞ ጎማና ፍሬን የሚመረመርባት ማረፊያ ሆና ኖራለች።

ይህ ዐቀበት ዛሬ የተገኘ አይደለም። ጎንደር መናገሻ በነበረች ጊዜ ከምጽዋ ወደብ የሚመጣው የነጋዴ ጓዝ ሊማሊሞን በበቅሎና በእግር ይወጣው ነበር። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥም በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ይህንኑ ተራራ ወጥቶ ነው። ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን፤ ለጦሯ ማመላለሻ እንዲሆን ከአሥመራ እስከ ጎንደር የመኪና መንገድ ስታወጣ የሊማሊሞን ዐለት አስፈልፍላ አስቆረጠችው። መንገዱ ግን ላሠራው አልበጀውም። በገደሉ ራስ፤ በወልቅፊት ላይ የመሸገው የኢጣሊያ ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከብቦ ቆይቶ መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን ነጻ ወጣች። ጠላት ሄደ፤ መንገዱና መኪናው ግን ቀረ። የቀረውንም ነገር ለእንጀራና ለበጎ ሥራ ያዋሉት የአገራችን ልጆች ናቸው።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው ከዚያ አስቀድሞ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ሲድሌይ የተባለችውን መኪና ለንጉሠ ነገሥቱ ባመጣ ጊዜ ማለት ነው። እርሷ ግን የመኳንንት መቀመጫ እንጂ የእህልና የጨው መጫኛ አልነበረችም። ከባዱ የጭነት መኪና በብዛት የታየው በወረራው ዘመን ነው። ከእነዚያም ሁሉ ስሙ እስከ ዛሬ ያልጠፋው ትሬንታ ኳትሮ ነው። ይህ መኪና ፊያት 634 ይባላል፤ ሕዝቡ ግን ስድስት መቶውን ትቶ በኢጣሊያንኛ «ሠላሳ አራት» ብሎ ጠራው። ስድስት ሲሊንደር ያለው በናፍታ የሚሠራ ሞተር ሲሆን ጉልበቱ 75 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበር። ዛሬ በከተማ የምትታይ አንዲት ትንሽ የቤት አውቶሞቢል ከዚህ የሚበልጥ ጉልበት አላት። ትሬንታ ኳትሮ ግን በዚያው ጉልበቷ 60 ኩንታልና ከዚያም በላይ ተሸክማ ተራራ ትወጣ ነበር፤ በፍጥነት ሳይሆን በትዕግሥት ነው እንጂ።

ከእርሷም ጋራ ላንቻ የተባለው ዘር ነበረ። የፊተኛው ላንቻ ሮ ሁለት ሲሊንደር ብቻ ያለው ሲሆን፤ በየሲሊንደሩ ሁለት ፒስቶን ፊት ለፊት እየተጋጠሙ የሚሠሩበት ከጀርመን የተወሰደ ጥበብ ነበር። በ1930 ዓ.ም. የወጣው ላንቻ ትሬ ሮ ደግሞ አምስት ሲሊንደርና 93 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የሲሊንደሩ ቍጥር ጎዶሎ ስለ ሆነ ድምፁ ከሌላው ይለያል፤ ሽማግሌዎቹም «ላንቻ ስትመጣ ሳናያት እናውቃት ነበር» ይላሉ። በ1944 ዓ.ም. ፊያት 682 የተባለው ተሠራ፤ ከዚያም ዘር በኋላ የመጣው በአገራችን «ኤን ትሬ» የተባለው ነው። ጉልበቱ ከትሬንታ ኳትሮ እጅግ የበለጠ ነበር፤ በአፍሪካ መንገዶችም ላይ ብዙ ዘመን ስላገለገለ «የአፍሪካ ንጉሥ» የሚል ቅጽል አትርፎአል።

ዛሬ ዕድሜያቸው ከ80 ዓመት ያለፈው የአዲ አርቃይ ሽማግሎች ረዳትነት የገቡት በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ ዓመታት ነው። ስለዚህ ትሬንታ ኳትሮን ያወቁት አርጅታ፤ በሽቦ ታስራና በላሜራ ተለጣጥፋ ሳለች ነው። ኤን ትሬን ግን በወጣትነቷ አግኝተዋታል። አንዱ የመጀመሪያ መኪናውን ሲነግረን እንዲህ አለ፤ «የመጀመሪያ መኪናዬ የእኔ አልነበረችም። ባለቤቷ ሌላ፤ ነጂዋም ሌላ ነበር። እኔ የታኮ ልጅ ነበርሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ መሪዋን በእጄ ሳልነካ ጠባይዋን ሁሉ ዐወቅሁ። ነጂው ከመታመሙ በቀር ከመቀመጫው የሚነሣ ሰው አልነበረምና፤ ሲታመም ጊዜ ‹ና ተቀመጥ› አለኝ። ያን ቀን እንደ ድቁና ቀን አስታውሰዋለሁ።»

በእውነትም ረዳትነት ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ዳዊት እንደማይደግም፤ ዳዊትም ሳይደግም ቅኔ እንደማይገባ፤ በካሚዮንም ዘንድ እንዲሁ ነበር። ፊደሉ ታኮ ነው። ታኮ ማለት መኪና ዐቀበት ላይ ሲቆም ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር የሚጣል እንጨት ነው። ረዳቱ በጭነቱ ላይ ወይም በኋላ በኩል ተንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ሞተሩ ሲደክም ድምፁን ሰምቶ፤ ነጂው ሳይጠራው፤ ዘሎ ይወርድና ታኮውን ያስገባል። አንድ አፍታ ቢዘገይ 60 ኩንታሉ ወደ ገደል ነው፤ አንድ አፍታ ቢቸኩል ደግሞ እጁ ከጎማው ሥር ነው። ዳዊቱ ማኖቤላ፤ ጎማና ራዲያተር ነው። ቅኔውም ማርሽ ነው።

ማኖቤላ የተባለው ሞተሩን በእጅ ኃይል የሚያስነሡበት የብረት እጀታ ነው። በደባርቅ ብርድ ያደረ የናፍታ ሞተር በንጋት ዘይቱ እንደ ማር ረግቶ ይገኛል፤ የናፍታም ሞተር የእሳት ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። አየሩ በሲሊንደሩ ውስጥ ተጨምቆ ከመጋሉ የተነሣ ናፍታው ራሱ ይቀጣጠላል እንጂ። ብረቱ ከበረደ አየሩ አይግልም፤ አየሩ ካልጋለ ሞተሩ አይነሣም። ስለዚህ ረዳቱ ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ተነሥቶ ፍም በላሜራ ላይ አድርጎ ከዘይቱ መያዣ ሥር ያኖራል፤ ለመኪናዪቱ እሳት ካሞቀ በኋላ ነው ለራሱ የሚሞቀው። ማኖቤላውን ሲያዞርም አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋራ በአንድ ወገን ያደርጋል፤ ሞተሩ ወደ ኋላ የመለሰው እንደ ሆነ ክንድ ይሰብራልና።

ስለ ማርሽም የነገሩን ይህ ነው። የዛሬው መኪና ማርሽ ራሱን አስተካክሎ ይገባል፤ የቀድሞው ግን ጥርስ ከጥርስ የሚገጥመው ነጂው የሁለቱን ፍጥነት በጆሮው ለክቶ ሲያስማማው ነው። ፍሪሲዮኑን አንድ ጊዜ ረግጦ ማርሹን ያወጣል፤ ለቅቆ ነዳጅ ይሰጣል፤ ዳግመኛ ረግጦ ያስገባል። ይህን ሁሉ ዐቀበት ላይ፤ መኪናው ሳይቆም፤ በሁለት ትንፋሽ ውስጥ ይፈጽማል። ያልተሳካለት እንደ ሆነ ማርሹ ይጮኻል፤ መኪናውም በባዶ ማርሽ ይቀራል፤ በባዶ ማርሽ ቍልቍለት የጀመረ መኪናም ጌታ የለውም። የሙቀቱ መለኪያ ብዙ ጊዜ የተሰበረ ስለ ነበረ ነጂው የሚያምነው ጆሮውን፤ አፍንጫውንና የእግሩን መዳፍ ነው። «ሞተር ከመታመሙ በፊት ይናገራል፤ የሚሰማው ሰው ነው እንጂ የሚጠፋው» ያሉን ቃል በልባችን ቀርቶአል።

የሊማሊሞ ሕግ ደግሞ አጭር ነበር። የመጀመሪያው፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚል ነው። ምክንያቱም ከባድ ጭነት የያዘ መኪና ረዥም ቍልቍለት በፍሬን ብቻ የወረደ እንደ ሆነ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለም ፍሬን መያዝ ይተዋል፤ ያን ጊዜ መርገጥ ምንም አይጠቅምም። ሞተሩ ራሱ በትንሽ ማርሽ እየጎተተ እንዲይዘው ማድረግ ግን ፍሬኑን ለክፉ ቀን ያኖረዋል። ሁለተኛው፤ የሚወርድ መኪና ለሚወጣው ይቁም የሚል ነው፤ ተጭኖ የሚወጣ መኪና አንድ ጊዜ ከቆመ እንደ ገና መነሣት ይቸግረዋልና። ሦስተኛው፤ የፈላ ራዲያተር አትክፈት፤ በጋለም ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስስ የሚል ነው፤ የመጀመሪያው ፊትን ያቃጥላል፤ ሁለተኛው ቴስታታውን ይሰነጥቃል። ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ሲሆን በደባርቅ ከፍታ ግን በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ አየሩም ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ ዐቀበቱን የጨረሰ መኪና በጣም በደከመበት ጊዜ ውሃው ቶሎ ይፈላበታል። ሽማግሎቹ ይህን ከመጽሐፍ ሳይማሩ ከራዲያተሩ ጉርጓሬ ዐውቀውታል።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። የኢጣሊያ ከባድ መኪናዎች መሪያቸው በቀኝ በኩል ነበር። ይህ በስሕተት የተደረገ አይደለም፤ በአልፕስ ተራራ ላይ በቀኝ ጠርዝ የሚሄደው ነጂ ጎማው ከገደሉ ምን ያህል እንደ ራቀ በዓይኑ እንዲያይ ነው። በአገራችን እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ መኪና የሚሄደው በመንገዱ ግራ ስለ ነበረ ነጂው ወደ መንገዱ መካከል ተቀምጦ ይነዳ ነበር። ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ የአገራችን መኪና ሁሉ በቀኝ እንዲሄድ በታዘዘ ጊዜ ግን የአሮጌው ካሚዮን ነጂ ራሱን ከገደሉ አፋፍ ላይ አገኘው። አንዱ ሽማግሌ «ትላንት ረዳቴ ያይልኝ የነበረውን ጥልቁን እኔው ማየት ጀመርሁ፤ ፊት ለፊት የሚመጣውን ደግሞ ረዳቴ ያይልኝ ጀመር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ረዳቴን መሳደብ ተውሁ» አለን። በአንድ መኪና ውስጥ ሁለት ሰው በአንድ ዐይን የሚኖርበት ሥራ እንዲህ ያለ ነው።

እንግዲህ አንባቢው የድሮው ሁሉ መልካም ነበር የሚል ጨዋታ መስሎት እንዳይሳሳት፤ በሽማግሎቹም መካከል ክርክር እንደ ነበረ መናገር ይገባናል። አንዱ የቀድሞዋን መኪና ሲያመሰግን «በመዶሻና በኪያቤ የምትድን፤ ከብረት በቀር ሌላ ነገር የሌለባት፤ በመንገድ ላይ የማታሳፍር ነበረች» አለ። ቀድሞ የእርሱ ረዳት የነበረውና በኋላም ራሱ ነጂ የሆነው ግን አንገቱን ነቅንቆ «ጋሼ፤ አንቱ ከመቀመጫው ላይ ሆነው ስላዩዋት ነው። እኔ ከጎማዋ ሥር ሆኜ አይቻታለሁ። ከእኔ ጋራ ታኮ የጀመሩት ልጆች የታሉ?» ብሎ መለሰለት። ሽማግሌውም ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ፤ ያለቁትን ረዳቶች በየስማቸው ይቈጥር ጀመር። ይህ ልጅ የወገራ ነበረ፤ ያኛው የጠለምት፤ ያኛው ደግሞ እናቱ አንድ ልጅ ብቻ የነበራት። አንዱን ሳይረሳ ቈጠረ። ከ60 ዓመት በኋላ እነዚህን ስሞች የሚያውቅ በምድር ላይ ሌላ መዝገብ መኖሩን እንጠራጠራለን።

ስለዚህ ነው ከዚህ በላይ «ሥራውን የሠራችው መኪናዪቱ ናት» ያለውን ቃል እውነት አይደለም ያልነው። ያው ትሬንታ ኳትሮ፤ ያው መንገድ፤ ያው ጭነት ሲሆን አንዱ ደርሶ ሌላው ሳይደርስ የቀረው በብረቱ ልዩነት አይደለም። በሚሰማ ጆሮና በታመነ ረዳት ነው። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት በሊማሊሞ ላይ ጨዋታ ሳይሆን የሕይወትና የሞት ነገር ነበረ።

አሁን ወደ ቤት እንመለስ፤ ገጹ የቤተ ሰብ ነውና። ሽማግሎቹ ይህን ሲጨዋወቱ ቡና የምታፈላው የአንደኛው ባለቤት ጸጥ ብላ ስታዳምጥ ቆይታ «አንቱ የሞተሩን ድምፅ በጆሮዬ ዐውቅ ነበር ይላሉ፤ እኔስ?» አለችው። «እኔ አንድ ቀን ተቀምጬባት አላውቅም፤ ነገር ግን ከሩቅ ከጥምዝማዙ ላይ ማርሽ ስትለውጥ የአንቱ መሆንዋን ከሌላው ሁሉ ለይቼ ዐውቃት ነበር። ድምፅዋን ስሰማ ድስት እጥዳለሁ። ያልሰማሁ ሌሊት ግን መብራቱን ሳላጠፋ አድራለሁ። ልጆቹም አባታቸውን ከፊቱ ይልቅ በድምፅዋ ያውቁት ነበር።» ባለቤቷም ይህን ነገር ከዚያ ቀን በፊት ሰምቶት እንደማያውቅ ከፊቱ ታየ። ሃምሳ ዓመት ያህል በአንድ ቤት ኖረው ሳይነጋገሩት የቀረ ነገር ነበረ።

እርሷም ከነገረችን ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅም ብዙ ነገር አግኝተናል። የነጂ ቤት ስንቅ የተለየ ነበር፤ በሶ፤ ቆሎ፤ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ፤ መኪና ተሰብሮ ሦስት ቀን በበረሓ ቢቀር የማይበላሽ ማለት ነው። ለረዳቱም ስንቅ አብራ ትቋጥር ነበር፤ «የእናቱን ልጅ የእኔ ቤት አስርቦ አያሰናብተውም» በማለት። በመነሻው ዋዜማ ግን በቤቱ ውስጥ የገንዘብ ክርክርና ክፉ ቃል አይነገርም ነበር፤ የተቈጣ ሰው የሞተር ድምፅ አይሰማምና። ይህ ሕግ በየትም አልተጻፈም፤ እናቷ የነጋዴ ሚስት ስለ ነበረች ከእርሷ ወርሳዋለች። ካሚዮን ሳይመጣ በበቅሎ ዘመን የነበረ ልማድ ነው ማለት ነው። ዛሬም በአውሮፕላን ቢሆን በመኪና ረዥም መንገድ የሚሄድ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ይህን ልማድ ቢይዝ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

በደባርቅ፤ በዛሪማና በአዲ አርቃይ የእንግዳ ቤት ከፍተው ይኖሩ የነበሩትንም ሴቶች ልንዘነጋቸው አይገባም። ነጂው አደራ የሚሰጠው ለእነርሱ ነበር፤ ደብዳቤ፤ ገንዘብ፤ መድኃኒት፤ አንዳንድ ጊዜም የታመመ ረዳት። የትኛው መኪና መቼ እንዳለፈ፤ የትኛውም ከቀጠሮው እንደ ዘገየ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ስልክ ባልነበረበት ጊዜ የአንድ ቤተ ሰብ ጭንቀት የሚበርደው ወይም የሚጸናው ከእነርሱ በሚመጣ ወሬ ነበር።

በሹመትና በማዕርግ ላላችሁ አንባቢዎቻችን ደግሞ አንድ ነገር እናሳስባለን። በአገራችን የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው መናቅ ብዙ ዘመን የቆየ ክፉ ልማድ ነበር። አውቶሞቢል በገባበት በዚያው በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ እንዳይኖር በዐዋጅ ከለከሉ። ሁለቱ ነገር በአንድ ዓመት መገናኘቱ የሚያስተውለውን ሰው ያስተምረዋል፤ የብረት ሥራ የሚናቅበት አገር የብረት መኪና ቢገዛ ሊያኖረው አይችልምና። እጁ በዘይት የጠቈረውን ሰው በግብዣ ላይ ከበር አጠገብ የማስቀመጥ ልማድ ግን በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር መንገድ ማደስ በተጀመረ ጊዜ የባለሥልጣኖችና የመሐንዲሶች ስም ተጽፎአል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን መንገድ የሚሠራው ሰው የሚሄድበት ጊዜ ነው፤ ያን ክረምትና በጋ የሄዱበት ነጂዎች ስም ከማን ዘንድ ይገኛል?

መንገድም ቢሆን አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ለዘላለም የሚኖር ርስት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ከማይ ፀብሪ ወደ ሽሬ የሚያሻግረው የተከዜ ድልድይ በፈረሰ ጊዜ፤ ሽማግሎቹ በሕይወታቸው ሙሉ የተመላለሱበት መንገድ ከመካከሉ ተቆረጠ። ያን ወራት ወሬው የነካቸው እንደ ሌላው ሰው ብቻ አልነበረም። አንዱ «ያ ድልድይ የእኔ ክንድ ነበረ» ብሎናል። በአንዱ ወገን ያለ ጨው በሌላው ወገን ካለ እህል ጋራ የሚገናኘው፤ ሰውም ከሰው ጋራ የሚዛመደው በነጂ መሆኑን ከነጂዎቹ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከማንኛውም ወገን ባልንጀራ፤ አበልጅና ባለ አደራ ነበራቸው። ይህንም ዝምድና መናገር የሚችሉት እነርሱ ናቸው፤ እነርሱም እያለፉ ናቸው።

ስለዚህ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ የቀድሞ ነጂ፤ መካኒክ ወይም ረዳት ያለ እንደ ሆነ እንዲህ ብታደርጉ መልካም ነው እንላለን። በበዓል ቀን ልጆቹን በአጠገቡ አስቀምጡና አራት ነገር ይጠይቁት። የመጀመሪያዪቱ መኪናህ ማን ትባል ነበር? የነዳህባትን ጥበብ ያስተማረህ ማን ነው? በመንገድ ላይ ያጣኸው ሰው ማን ነው? በምትዘገይበት ጊዜ በቤት የሚጠብቅህ ማን ነበር? ከአራቱ ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ ሰው፤ አንዱ ብቻ ስለ መኪና መሆኑን አስተውሉ። ሽማግሌው በመኪናው ይጀምራል፤ በዚያ ይደፍራልና፤ በሰው ግን ይጨርሳል። የተናገረውን ጻፉት። አሮጌ ፎቶግራፍ ካለው በጀርባው የሰዎቹን ስም፤ ቦታውንና ዓመቱን አስጽፉት፤ ስም የሌለው ፎቶግራፍ ከአንድ ትውልድ በኋላ የእንግዳ ሰው ፊት ነው። የመንጃ ፈቃዱንም፤ ያረጀውንም ኪያቤውን ከልብስ ጋራ ጣሉ አትበሉ።

ሚስቱንም ለብቻዋ ጠይቁ፤ እርሷ የምታውቀውን እርሱ አያውቀውምና። ረዳቱ በሕይወት ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ሦስተኛ እርሱን ጠይቁ፤ መኪናዪቱን ከሥርዋ ያያት እርሱ ነው። ሦስቱ ቃል ሲገጣጠም በፍርድ ቤት እንደሚባለው ነገሩ በምስክር ይጸናል።

መኪናዎቹ ብረት ናቸው፤ ዝገው ቢያልቁ አያስለቅስም፤ ሌላ ይሠራል። ሞተሩ ሲያጉረመርም ሰምቶ ስድስት ሰው ከነጭነቱ ያዳነ ጆሮ ግን፤ መብራት ሳታጠፋ ያደረች ሴትም፤ ታኮውን በጊዜው የጣለ ልጅም ከአንድ በላይ አይሠሩም። እግዚአብሔር ለአዛውንቶቹ ዕድሜ፤ ለእኛም የሚሰማ ጆሮ ይስጠን።